ዜና እሱባለው ዘላስታ፦ የጋዝ ምድጃውን ቫልቭ እንደ ለወጠ

በዘመነ ሉቃስ፣ ወይዘሮ አስቻለች በላሊበላ ከተማ በእንግዳ ማረፊያዋ ወጥ ቤት በነገሠች በስድስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ሐምሌ፣ ዝናብ የማገዶውን ክምር አርሶ፣ መብራትም ከማለዳ ጀምሮ ኮብልሎ ሳለ፣ ባለቤቷ እሱባለው፣ አስጎብኚው፣ አንደበተ ርቱዑ፣ ስለ ውቅር ድንጋይ ሲናገር የማይደክመው፣ ነገር ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አንዲት ብሎን እንኳ ፈትቶ የማያውቀው፣ ስሙ ከፍ ይበልና ይህን ሥራ ሠራ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ከአራቱ የጋዝ ምድጃዎች ሦስተኛው፣ ማዞሪያው ተዘግቶም እንደ እባብ ያፏጭ፣ ቤቱንም በክፉ ሽታ ይሞላ ጀመር። በዚያችም ማታ የአስቻለች ማኅበርተኞች ይመጡ ነበር፤ ተራዋ ነውና። ወጥ ሳይደርስ እንግዳ ቢገባ ምን ያህል እንደምታፍር እሱባለው ያውቅ ነበርና፣ እኔ እለውጠዋለሁ አለ። ምላሱ እንጂ ልቡ አልተናገረም።

አዲሱም ቫልቭ በስልክ ታዝዞ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሙሽራ በሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ ከወልድያ ደረሰ። እሱባለው ከአሮጌው ጋር ልክ ለልክ መሆኑን አስተያይቶ ተነሣ። የተከተሉትም እኒህ ናቸው፦ በቀኙ ጎረቤቱ አቶ ጋሻዬ፣ ጡረተኛው ወታደር፣ ምክራቸው የማያልቅ፤ በግራው ባለሱቋ ነጅሚያ፣ ሁለት መፍቻ አበዳሪዋ፤ ከኋላው አስቻለች፣ ሽንኩርት የከተፈችበትን ቢላዋ እንደ ያዘች፤ ከሁሉም ኋላ ነገሩ የማያገባት አንዲት ዶሮ።

ወእምዝ የሲሊንደሩን አፍ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ በርና መስኮት አስከፈተ፤ ሽታው እስኪወጣም ከሠራዊቱ ጋር በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀ። በዚያም ሳሉ አቶ ጋሻዬ የሚያፈስበትን ቦታ በነበልባል ለመፈለግ ክብሪት አወጡ፤ በጦር ሜዳ እንዲህ ነበር የምናደርገው አሉ። እሱባለው ከልጅነቱ ጀምሮ ሽማግሌውን ተቃውሞ አያውቅም። ሆኖም ድምፁን አጽንቶ አዋጅ አስነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማው ንገር! ይህ ምድጃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በዚህ ቤት እሳት የሚባል አይጫር። የከበሩት አቶ ጋሻዬም ቢሆኑ ክብሪታቸውን ለነጅሚያ ያስረክቡ!»

ሽማግሌውም ፊታቸውን አጨፍግገው አስረከቡ። በምትኩም የሳሙና ውኃ ያለበት ጣሳ ተሰጣቸው፤ ሊቀ አረፋም ተባሉ፤ ሹመቱ ደስ አሰኛቸው።

ከዚህ በኋላ እሱባለው የምድጃውን ክዳን አንሥቶ፣ በአንዱ መፍቻ ቱቦውን ይዞ፣ በሁለተኛው አሮጌውን ቫልቭ አጣምሞ ሳይሆን አባብሎ ነቀለው፤ አዲሱንም በቦታው አሰረ። ሲሊንደሩን ጥቂት ከፍቶ ሊቀ አረፋው መጋጠሚያውን ቢቀቡት፣ ወዮ፣ አንዲት አረፋ እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፋች። በዚያን ጊዜ የማኅበርተኞቹ ጃንጥላ በዳገቱ ላይ ታየ። አቶ ጋሻዬ፣ ይህችን የምታህል ምን ታደርጋለች፣ ለኩሰው አሉ። አስቻለች የከተፈችውን ሽንኩርት ድስት ውስጥ ጨመረች፤ ይህም ከምክሩ ይልቅ ከበደው። እሱባለው ግን ሲሊንደሩን ዳግመኛ ዘጋ፤ የደከመበትን ፈታ፤ አጣምሞ ያሰረውንም አቃንቶ እንደገና አሰረ። ሳሙናው ቢቀባ፣ አረፋው እንደ ረጋ ወተት ተኛ። ሽታው እስኪጠፋ እንደገና ጠበቁ፤ ከዚያም ክብሪቱ ከምርኮ ተመለሰ። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጅሚያ እልል አለች፤ ዶሮዋ በረገገች። ወይዘሮ አስቻለችም አዋጅ አወጀች፦

«ከዛሬ ጀምሮ ባሌ ሊቀ መፍቻ፣ ዐቃቤ ነበልባል ተብሎ ይጠራ። አሁን ግን ከወጥ ቤቴ ይውጣልኝ፤ ሽንኩርቴን ላቁላላበት!»

ኦ እሱባለው፣ የላስታ ተራራ፣ ከፍላቂት እስከ ገነተ ማርያም ምድጃዎች ሁሉ ዝናህን ይስሙ! ሌሎች ኀያላን ቤት አቃጥለው ስም አተረፉ፤ አንተ ግን ቤትህን ሳታቃጥል ከበርህ። ማኅበርተኞቹም በልተው ጠገቡ፤ ይህን የጻፈውም ከዚያው ወጥ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቷል፤ ምስክርነቱም እውነት ነው።