«ሶሪ» ስንት ኪሎ ናት?

እንኳን ደስ አለኝ! እናንተ እስክትሉኝ መጠበቅ አቅቶኝ ነው... ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ በየአርቡ የምጽፍላችሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ በሙሉ ሥልጣኔ ልናገር፦ «ሶሪ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። የውሸታሞቹ አለቃ ደግሞ እኔ ነበርኩ። እግር ስረግጥ ሶሪ፣ ሳስነጥስ ሶሪ... አንዴማ ከበር ጋር ተጋጭቼ በሩን «ሶሪ» ብዬዋለሁ።

ሰኞ ዕለት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ተገኘ፣ ከመካነ ብርሃን ይመጡ ነበር። አዲሱን ቤታችንን ስለማያውቁት መናኸሪያ ሄጄ የምቀበላቸው እኔ ነበርኩ። ታዲያ በዚያው ቀን ጽሑፌ መመረጡ ተነገረኝ... በቃ! ከሰው አልፌ ለግቢው ዛፍ ሳይቀር ስናገር መናኸሪያውን ረስቼው ዋልኩ። አያ ተገኘ ቅቤያቸውን ታቅፈው ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ በመጨረሻ እየጠየቁ ቤቱን አገኙት።

ስገባ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል «ውይ፣ ሶሪ አያ» አልኩ። ምን ማለቷ ነው ብለው አባቴን ጠየቁት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ መጠየቄ እንደሆነ ነገራቸው።

«ይቺ ናት ይቅርታ? ሳትቀመጥ ሄደችሳ» አሉና የቀረበላቸውን ምሳ ገፋ አደረጉት።

ታላቅ ወንድም እህል ሳይቀምስ ቢመለስ አባቴ ጎረቤት ፊት አይቆምም፤ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ተመላሽ ናቸው። እናቴ በዓይኗ ወደ ግቢው ጠቀሰችኝ። ገባኝ... ድንጋይ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ታላቁን ያስቀየመ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። እኔ ብልጧ ሎሚ የምታክል መርጬ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁ።

አየት አደረጓትና «ይቺም ሶሪ ናት። ሸጋውን አምጪ» አሉኝ።

የእናቴን የወፍጮ መጅ ተሸከምኩ። አንገቴ ሆዴ ውስጥ የገባ መሰለኝ! እግራቸው ላይ ስወድቅ በአቧራ የነጣ ጫማቸውን አየሁ... ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ፀሐይ የገባኝ። «አያ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

መጁን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። በይ አሁን አስታጥቢኝ።»

በማግስቱ የእንግሊዝኛ መምህራችንን ስጠይቃቸው «ሶሪ» ጥንት ከሕመምና ከቁስል የተወለደች ቃል ናት አሉኝ። አንገቴን እያሻሸሁ አመንኳቸው። ለካ እስከ ዛሬ ሕመሟን አራግፌ ነው ስበትናት የኖርኩት!

አያ ተገኘ መንገዱን ትተው ሰነበቱ። ይህን ሳነብላቸው ስቀው፣ የሚያነቡኝን ሁሉ ለዕረፍት ወደ መካነ ብርሃን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ፤ መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁናል። ተጠርታችኋል። ብትቀሩም ግድ የለም... አገሩ ድንጋይ ሞልቶታል።