ማኮብኮቢያው ላይ የተሰጣው ቡና

[ከቱም ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሣር ማኮብኮቢያ ላይ፣ ትናንት አንዲት ትንሽ የግል አውሮፕላን ስታርፍ ተንሸራታ እንሰት ማሳ ገብታለች። ሰው አልተጎዳም። ቡና ነጋዴው ናስረዲን ከዓመታት በፊት አንዴ ከቴፒ ጅማ ከበረረ ወዲህ ስለ አውሮፕላን የማያውቀው የለም። የማኮብኮቢያው ዘበኛ አሞጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሱቁ ደጃፍ ቆሟል።]

ናስረዲን፦ በአፍንጫዋ ነው የወረደችው እልሃለሁ!

አሞጽ፦ እኔ ያየሁት ግን ጎማዋ መሬት ሲነካ ነው፣ ጋሼ።

ናስረዲን፦ አንተ አጥር ሥር ተጋድመህ ምን ታያለህ? እኔ ሰማይ ላይ የዋልኩ ሰው ነኝ!

አሞጽ፦ ጅማ አርባ ደቂቃ አይደል እንዴ?

ናስረዲን፦ በመስኮት በኩል ነዋ የተቀመጥኩት!

አሞጽ፦ እሺ፣ ታዲያ ምን አንሸራተታት? አደጋውን የሚያጣራው መርማሪ “ማኮብኮቢያው ላይ ቡና ማን እንዳሰጣ እስከ ቀትር ማስረጃ አምጣ፣ አለዚያ ሥራህን ልቀቅ” ብሎኛል።

ናስረዲን፦ [ጉሮሮውን ጠራርጎ] የምን ቡና? ነፋስ ነው! አውሮፕላን እንደ በቅሎ ናት፤ ከኋላ ከነኳት ትደነብራለች። ደግሞ ፓይለቱ ፍሬን የያዘው አየር ላይ ሳለ ነው።

አሞጽ፦ አየር ላይ ፍሬን ይያዛል?

ናስረዲን፦ ዘመናዊው ይይዛል!

አሞጽ፦ እኔማ ምን አውቃለሁ። ሰዉ ግን ሌላ ነው የሚለው። ቡናው እርጥብ ነበር፣ ሻግቶ እንደ ተልባ አሟለጫት አሉ።

ናስረዲን፦ [ከበርጩማው ብድግ ብሎ] ማነው ያለው?!

አሞጽ፦ ሽታው ሚዛን ከተማ ደርሷል አሉ። እንኳን ሰው፣ ጦጣም አይቀምሰው።

ናስረዲን፦ ጦጣ?! ወላሂ ስም ማጥፋት ነው! አሥራ ስምንት ቀን ከነቅርፊቱ ፀሐይ የጠገበ ጀንፈል! ስትነቀንቀው የሚንኳኳ!

አሞጽ፦ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ… “ጀን…”

ናስረዲን፦ አምጣው ወዲህ! አንተ ጽፈህ እስክትጨርስ ቡናው ይበቅላል። [ነጥቆ እየጻፈ] “ማኮብኮቢያው ላይ የተሰጣው ቡና እርጥብ አይደለም። በቀን ሦስቴ በገዛ እጄ አገላብጬዋለሁ። ከሸካ እስከ ቤንች አቻ የለውም።”

አሞጽ፦ መርማሪው ያምናል?

ናስረዲን፦ ማኅተም ካየ ምን አማራጭ አለው! [ይፈርማል። የሱቁን ማኅተም እፍ ብሎ ሁለት ቦታ ይመታል።]

አሞጽ፦ ጌታ ይባርክዎት! ሥራዬን አተረፉልኝ። [ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል።]

ናስረዲን፦ ሥራህን? [ቀስ ብሎ ይቀመጣል።] አሞጽ፣ ወንድሜ… ያቺን ወረቀት መልሳት እስቲ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቻለሁ።

አሞጽ፦ [መንገድ ጀምሮ] ግድ የለም፣ እንዲህም ታምራለች።

ናስረዲን፦ ቡናዬን ያማው የትኛው ጠላቴ ነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ!

አሞጽ፦ ማንም አላማዎትም፣ ጋሼ። የማን ቡና እንደሆነማ ለመርማሪው ጠዋት ነግሬው ነበር። “የትኛው ሞኝ የእኔ ነው ብሎ ይፈርምልሃል?” ብሎ ሳቀብኝ። ማኅተም ይጨምሩበታል ብዬማ እኔም አልጠበቅኩ።