የዋንጫው ቃል

የእንግሊዝኛ መምህር አንድ የማይድን አመል አለበት፤ የቃል ትርጉም መናገር አይበቃውም፣ የቃሉን ዘር ማንዘርም ካልቆጠረ ምግብ አይረጋለትም። ሌላው ሰው ለሐሜት የሚያውለውን ጉልበት እኛ በቃላት ላይ እንጨርሰዋለን። ጉዳቱ ከሐሜት ያንሳል ያለውስ ማነው?

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ሳስተምር፣ ገለምሶና ቦኬም ቡድን የላኩበት የእግር ኳስ ውድድር ተዘጋጀ። ከድሬዳዋ የመጣው ዋንጫ ላይ በእንግሊዝኛ «ትሮፊ» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር፣ የከተማው ካድሬ በቀበሌው አዳራሽ ቃሉን ለሕዝቡ እንዳስረዳ አዘዘኝ። «ዋንጫ ማለት ነው» ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ ግሪክ ድረስ ሄድኩ። የጥንት ግሪኮች ጠላት ዞሮ በሸሸበት ቦታ፣ ከገደሉት ሰው የገፈፉትን የጦር ልብስና ጋሻ እንጨት ላይ ሰቅለው ያሳዩ እንደነበር፣ ቃሉም ከዚያ እንደመጣ አብራራሁ። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

ከኋላ አዴ ፋጡማ ተነሱ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የሚሸጡ፣ ልጃቸው ጀማል በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት የተወሰደባቸው እናት ናቸው። የታሰረው ሐረር ነው ስለተባሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ስንቅ ይልኩለት ነበር።

«አስተማሪ፣» አሉኝ በዝግታ፣ «ልብሱን ሰቀሉት። ባለቤቱንስ የት ቀበሩት?»

መጽሐፉ ይህን እንደማይናገር ነገርኳቸው። ካድሬው ወዲያው ስብሰባውን ዘጋ፤ በማግስቱ ደግሞ የእስር ቤት በር ዘጋብኝ። ግሪኮቹ እነማን እንደሆኑ በስም እንድዘረዝር ለሦስት ሳምንት ተመረመርኩ።

ስፈታ ይቅርታ ልጠይቅ በቀጥታ ወደ አዴ ፋጡማ ሄድኩ። ከስብሰባው በኋላ አንድ የእስር ቤት ዘበኛ መጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ የጀማልን ኮት በራቸው ላይ አስቀምጦ መሄዱን ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንቅ መላክ ትተዋል። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። እሳቸው ግን የሚያዩት እስር ቤት የተቀደደውን ሸሚዜን ነበር። ተነስተው ኮቱን ከሳጥን አወጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

«የሟች ልብስ አይቀመጥም፣» አሉ። «ሰደቃ ነው ልጄ፣ ልበሰው።»

እንዴት እምቢ ይባላል? እጅጌው አልረዘመም፣ አላጠረም፤ ልክክ አለብኝ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ የተሸለምኩት እሱን ብቻ ነው።