የመርሳት ፋይናል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ኮሌጅ ልገባ ጫፍ ደርሼ ነበር። በውኔ ከኮሌጁ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ እዚያው አድራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን ነጥብ አልመጣልኝም። በሕልሙ ግን የቀረኝ አንድ ፋይናል ብቻ ነበር፤ ዜሮ ካመጣሁ እገባለሁ።

እዚያ ሰው የሚያልፈው ሲረሳ ነው። መምህራኑ ደጅ ተሰልፈው ተማሪ እስኪያስገባቸው ይጠብቃሉ። ፈታኛችን አንዲት ቀይ ዶሮ ናት፤ የሚጽፍ ካየች ትነቁራለች።

ከጎኔ ትርሲት የምትባል ልጅ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትረሳ እንዳደረች ነገረችኝ። ሚዱ እስከ ምዕራፍ አራት ስለነበር በአንድ ቀን ረስታው ነበር። ፋይናሉ ከምዕራፍ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ነው ሲባል ግን የረሳችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት።

«አንተስ ስንት ረሳህ?»

«አንድም።»

«አለቀልህ በለኛ።»

እውነቷን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የዶክተር ምናሴን የኢኮኖሚክስ ሃንድአውት ኮፒ ሳደርግ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሜ አነባለሁ። የፈተናውን ወረቀት ስገልጥ መልሱ እየተጋፋ መጣ። ቀኝ እጄን በግራዬ ያዝኩት።

ይሄኔ ዶክተር ምናሴ በመስኮት ብቅ ብለው እንዳስኮርጃቸው ለመኑኝ። አንዱን መልስ ሹክ ስላቸው ከእኔ ራስ ወጥቶ እሳቸው ራስ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝና አሥራ ሁለቱንም ምዕራፍ አራገፍኩባቸው። ጭንቅላቴ እንደ ተጠረገ ቤት ቀለለኝ።

ዶሮዋ ባዶ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ዞረችው። «ዜሮ» አለች።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ትርሲት ጋዋን አለበሰችኝ። መምህራኑ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ የሱቁ ቆርቆሮ በር ተደበደበ።

ነቃሁ። አቤኔዘር የሚባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የዶክተር ምናሴ ፋይናል ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ እንደሚወጣ የሰማው ገና አሁን ነው። ሃንድአውቱን ኮፒ እንዳላደርግለት መብራት የለም።

«ይርዳው ወንድሜ፣ ስታነበው አይሃለሁ እኮ። እየሄድን ንገረኝ» አለኝ።

ሸሚዜን እየቆለፍኩ ከምዕራፍ አንድ ጀመርኩለት። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ የኮሌጁ በር ደረስን። ጥበቃው እሱን አስገብቶ እኔን መታወቂያ ጠየቀኝ። የለኝም።

የቀረውን በአጥሩ ሽቦ በኩል ቀጠልኩ። ቀና ስል ከሽቦው ወዲያ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይጽፋሉ።

«ቀስ በልልን ቲቸር» አለችኝ አንዷ።