ጥገኛ የሌለበት ሠራተኛ

ሐሰን፦ እኔ እሽግ አይደለሁም።

ዝናው፦ እሽግ ነህ አላልኩህም። ሚዛኑ ላይ ውጣ ነው ያልኩህ።

ሐሰን፦ ሚዛኑ ላይ «ከሠላሳ ኪሎ በላይ አይጫንም» ይላል። የጻፍከውም አንተ ነህ።

ዝናው፦ የጻፍኩት ለዕቃ ነው።

ሐሰን፦ ሚዛኑ ዕቃና ሰው ይለያል?

[ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ረፋድ ላይ። ዝናው በመስኮቱ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ቴምብር ይሸጣል። ሐሰን የፖስታ ከረጢቱን ከመናኸሪያ እያመጣ በከተማው ላሉ መሥሪያ ቤቶች ያድላል። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዝናው የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይም ነው፤ ደሴ ሄዶ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ጤና እሱ የማያውቀው ነገር የለም። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ተከራክሮ ለሠራተኛው የጤና መድን አስገኝቷል። የመድኑ ምርጫ ቅጽ ባለፈው ሳምንት ተሞልቶ ሄዷል። ዛሬ የቀረው የጤና መረጃ ካርድ ነው። ካርዱ ክብደት ይጠይቃል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሚዛን ደግሞ የእሽግ ሚዛን ብቻ ነው።]

ዝናው፦ እሺ፣ አንድ እግርህን ብቻ አስቀምጥ። በየተራ እንመዝናቸውና እንደምራለን።

ሐሰን፦ ወገቤስ?

ዝናው፦ ወገብህ እግርህ ላይ አይደል የቆመው? አስቀምጥ። (ጎንበስ ብሎ አየ) ቀኝ እግር፣ ሃያ ሦስት። ቀይር። ግራ እግር፣ አሥራ ስምንት። ድምር አርባ አንድ ኪሎ።

ሐሰን፦ ትናንት ከመናኸሪያ ያመጣሁት ከረጢት ሃምሳ ነበር።

ዝናው፦ እሱን አልካድኩም።

ሐሰን፦ ታዲያ ማን ማንን ነው የተሸከመው?

ዝናው፦ (እየጻፈ) አርባ አንድ። በጣም ከስተሃል ሐሰን። ቀጥሎ፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ትራመዳለህ?

ሐሰን፦ ቀኑን ሙሉ እኮ ነው የምራመደው። መናኸሪያ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ተመልሼ ደግሞ መናኸሪያ።

ዝናው፦ እሱ ሥራ ነው። የምጠይቅህ ስፖርት ነው።

ሐሰን፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዝናው፦ በሥራ ትደክማለህ፣ በስፖርት ትበረታለህ። «አይራመድም» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥራ ስትወጣ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደህ ሠላሳ ደቂቃ ተራመድ።

ሐሰን፦ ከረጢቱን ይዤ ነው ሳልይዝ?

ዝናው፦ ሳትይዝ።

ሐሰን፦ ሳልይዝማ ሰው ምን ሆኖ ነው ይለኛል።

ዝናው፦ ጭንቀት አለብህ?

ሐሰን፦ አንተ ስትጠይቀኝ ነው የጀመረኝ።

ዝናው፦ (እየጻፈ) መጠነኛ ጭንቀት። በል አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት በላክኸው ቅጽ ላይ የትኛውን አማራጭ ነበር የመረጥከው?

ሐሰን፦ «ለ»ን።

[ዝናው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቅጹን ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ አማራጭ «ሀ» ጥገኛ ለሌለበት ሠራተኛ፣ አማራጭ «ለ» ጥገኛ ላለበት ሠራተኛ። የዝናው ሚስት ለተብርሃን ውጫሌ እየተመላለሰች የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ናት። በእነሱ ቤት ጥገኛ ከተባለ ነገሩ አንድ ነው፤ ወስፋት፣ መዥገር፣ የጉበት ትል፣ በሌላው ሥጋና ደም የሚኖር ተባይ ሁሉ። ዝናው ቅጹን ሲሞላ ቃሉ ሌላ ፍቺ ይኖረው ይሆን ብሎ ለአፍታም አልጠረጠረም። ሚስቱና ልጆቹ ስማቸው በግል ማኅደሩ ውስጥ ስላለ በራሳቸው መድኑ ውስጥ ይገባሉ ብሎ ትቷቸዋል። እሱማ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመርምሮ፣ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጦ፣ ደረቱን ነፍቶ «ሀ»ን መርጧል።]

ዝናው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሐሰን፣ ጥገኛ አለብህ?

ሐሰን፦ አለብኝ እንጂ።

ዝናው፦ ስንት?

ሐሰን፦ አራት።

ዝናው፦ ቆጠርካቸው?

ሐሰን፦ ምን መቁጠር ያስፈልገዋል? ምሳ ሲቀርብ ብቅ ይላሉ።

[ዝናው ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ገፋ። አሥራ ስድስት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን በልቷል።]

ዝናው፦ አትፈር። እኔ ሠልጥኛለሁ፣ ለማንም አልናገርም። የውስጥ ናቸው የውጭ?

ሐሰን፦ (አሰብ አድርጎ) ሦስቱ የውስጥ ናቸው። አንዱ ውጭ ነው።

ዝናው፦ ውጭ ያለው የቱ ጋ ነው?

ሐሰን፦ ውጫሌ ነው። አምና ወስጄ ትቼው መጣሁ።

ዝናው፦ እንዴት ለቀቀህ?

ሐሰን፦ እሱንስ ተወው። መናኸሪያ ላይ እግሬን ጥምጥም አድርጎ ይዞ አልለቅ አለኝ። ኋላ ባጃጅ ነጂው ነው ወርዶ ያላቀቀን።

ዝናው፦ እንግዲያው መዥገር ነው።

ሐሰን፦ (ፊቱ በፈገግታ ተሞላ) ወላሂ፣ ልክ እንደ መዥገር። እንዴት አወቅህ?

ዝናው፦ ሙያዬ ነው። ሌሎቹስ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያሉብህ?

ሐሰን፦ የመጀመሪያዋ ሃያ ዓመቷ። ትንሹ ገና ሰባት ወሩ ነው። ያስቸገረኝ እሱ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል ነሳኝ።

ዝናው፦ የቱ ላይ ነው የሚያስቸግርህ?

ሐሰን፦ ሆዴ ላይ ነው። ሆዴ ላይ ካልሆነ አርፎ አይተኛም።

ዝናው፦ አርባ አንድ ኪሎ መሆንህ አይገርምም። ለሐኪም አልነገርህም?

ሐሰን፦ ሐኪሟማ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። እንኳን ደስ አለህ አለችኝ።

ዝናው፦ እንኳን ደስ አለህ?

ሐሰን፦ አዎ። እኔም አመሰገንኳት። ለእሷና ለነርሶቹ ለስላሳ ገዛሁላቸው።

[ዝናው ከመሳቢያው የእጅ ማጽጃ አልኮል አውጥቶ መዳፉን ቀባ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን ቀባ። ትንሽ አሰበና ሐሰን የቆመበትን ሚዛንም ቀባ።]

ዝናው፦ ቅጹ ግን በስም ይዘርዘሩ ይላል። በሳይንሳዊ ስማቸው ነው የጻፍካቸው?

ሐሰን፦ አይ፣ ባወጣንላቸው ስም ነው።

ዝናው፦ ስም አወጣችሁላቸው?

ሐሰን፦ ሳይወጣላቸው ይቀራል እንዴ? ሼሁ መጥተው፣ ዱዓ ተደርጎ። ለሴቷ አንድ በግ፣ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት አርጄ።

ዝናው፦ ሐሰን፣ ለጥገኛ በግ አረድህ?

ሐሰን፦ ጎረቤቱ ሁሉ በላ። አንተም እኮ መጥተህ በልተሃል።

ዝናው፦ (አልኮሉን እንደገና አንስቶ) እኔ?

ሐሰን፦ ቅልጥሙን ለብቻህ ነው የበላኸው።

ዝናው፦ እና ፎቶ ይያያዝ የሚለውንስ እንዴት አደረግኸው?

ሐሰን፦ ፎቶ ቤት ወስጄ አስነሳኋቸው። ሦስት በአራት። ትንሹ ብቻ አልቀመጥ ብሎ እናቱ ደግፋው ነው የተነሳው። እጇ ትንሽ ወጥቷል፤ ችግር ያመጣል እንዴ?

[ዝናው ካርዱን አገላብጦ አየ። የተማረው ሁሉ አንድም ቦታ እናት ያለው ወስፋት አይጠቅስም። በዚህ መሐል የቢሮው ስልክ ጮኸ።]

ዝናው፦ (ስልኩን አንስቶ) ሐይቅ ፖስታ ቤት። አቤት ወይዘሮ ሂንድ። (ለሐሰን በሹክሹክታ) ከደሴ ነው፣ ከማኅበሩ። (ወደ ስልኩ) አዎ፣ ልኬዋለሁ... አዎ፣ ቅጹ የእኔ ነው... «ማስረጃ ይያያዝ» ስለሚል ነው ያያያዝኩት... የሰገራ ምርመራ ውጤት ነው... አይ፣ በስሕተት የገባ አይደለም... ጥገኛ እንደሌለብኝ ያሳያል፤ ታችኛው መስመር ላይ ይመልከቱት፣ ማኅተም አለው... እየሳቁ ነው እንዴ?... ከጎንዎ ሌላ ሰው አለ?... ስንት ናቸው?... እሺ፣ እጠብቃለሁ።

ሐሰን፦ ምን አለች?

ዝናው፦ ስቀው እስኪጨርሱ እንድጠብቅ ነው። (ወደ ስልኩ) አቤት... ጥገኛ ማለት?... (ቀስ ብሎ ተቀመጠ) ሚስት... ልጅ... በሠራተኛው ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ... አዎ። አሁን ገባኝ... አይ፣ ሚስትማ አለችኝ። ሁለት ልጆችም አሉኝ... የጋብቻ ማስረጃ ነበር መያያዝ የነበረበት... ገባኝ ወይዘሮ ሂንድ... ዝርዝሩ ለመድን ሰጪው ተላልፏል? ትናንት?... እስከ መጪው ዓመት አይከፈትም... እሺ። የሐሰን ቅጽስ?... ጎበዝ ነው? ከሁሉም የተሟላ እሱ ነው? ፎቶውም ደስ ይላል... እነግረዋለሁ።

[ስልኩን ዘጋ። ሐሰን ከሚዛኑ አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል።]

ዝናው፦ ቅጽህ ጥሩ ነው ብለውሃል።

ሐሰን፦ አልሐምዱሊላህ። የእጇን ነገር አላነሱም?

ዝናው፦ ሐሰን፣ ውጫሌ ያለው አሊ ነው አይደል?

ሐሰን፦ አሊ ነዋ። አጎቱ ጋ ሆኖ ይማራል። ስነግርህ አልነበር?

ዝናው፦ ሆድህ ላይ የሚተኛውም ሀምዱ ነው።

ሐሰን፦ ሀምዱ ነው። ሃያ ዓመት የሆናት ዑምኩልሱም፣ ባለቤቴ፤ እሷን ካገባሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ኑርሀያት። አንተ ማን መስሎህ ነበር?

ዝናው፦ ወስፋት።

[ሐሰን ነገሩን በዝግታ ከራሱ እስከ ጅራቱ አሰበው። ለሁሉም ነገር ጊዜ የሚወስድ ሰው ነው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ከረጢቱ ላይ ተደገፈ፤ በመጨረሻ ከረጢቱንም ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቴምብር ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ አይተውት ተመለሱ።]

ሐሰን፦ ለወስፋት... ሁለት በግ...

ዝናው፦ በቃህ።

ሐሰን፦ ቅልጥሙን ግን አልማርከውም።

ዝናው፦ ሐሰን፣ የሕይወት ቶንሲል ማክሰኞ ነው የሚወጣው።

[ሐሰን ሳቁን አቋረጠ። ሕይወት የዝናው ታናሽ ልጅ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ ጉሮሮዋ እያበጠ ስትሠቃይ ከርማ፣ ደሴ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል። ዝናው በማኅበሩ ስብሰባ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ እየደበደበ ለመድኑ የተከራከረው በዋናነት ለእሷ ብሎ ነበር። አሁን በሀገሩ ካለው የፖስታ ሠራተኛ ሁሉ ልጅ የሌለው እሱ ብቻ ሆኖ ተመዝግቧል።]

ሐሰን፦ (ተነስቶ ልብሱን እያራገፈ) በእኔ ላይ ትግባ።

ዝናው፦ ማን?

ሐሰን፦ ሕይወት። አራት አሉኝ፣ አምስት ብትሆን ማን ይቆጥራል? ከኑርሀያት ጋር ይመሳሰላሉ እኮ።

ዝናው፦ ዝርዝሩ ተዘግቷል።

ሐሰን፦ እንግዲያው ለእናቷ ደውል።

ዝናው፦ ምን ብዬ?

ሐሰን፦ ለእኔ የነገርከኝን ንገራት። መዥገሩን ብቻ ዝለለው።

[ዝናው ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠ። በአራተኛው ሐሰን ራሱ ደውሎ ጆሮው ላይ ለጠፈለት።]

ዝናው፦ ለቱ፣ ሥራ ላይ ነሽ?... በሬው ይያዝልሽና አንድ ነገር ልንገርሽ... ምንም አልሆንኩም። የመድኑን ቅጽ ተሳስቼ ሞላሁት... ሕይወትን አላስመዘገብኳትም... መቅዲንም... አንቺንም... አዎ፣ ሦስታችሁንም... ለምን እንደሆነ ማታ እነግርሻለሁ... አይ፣ አሁን አልችልም፣ ሐሰን አጠገቤ ነው... ምን? አስመዝግበሻቸዋል? የት?... መሥሪያ ቤታችሁም መድን ገብቷል? መቼ?... ባለፈው ወር። ለምን አልነገርሽኝም?... «የቅጽ ነገር ለእኔ ተይው» ብያለሁ። አዎ፣ ብያለሁ... የማክሰኞው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል?... (ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ) ተመስገን... ስንት ሰው ነው ያስመዘገብሽው?... ሦስት? መቅዲና ሕይወት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው ማን ነው?... እሺ... እሺ፣ አመሰግናለሁ። ወደ በሬው ተመለሺ።

[ስልኩን በጥንቃቄ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።]

ሐሰን፦ ምን አለችህ?

ዝናው፦ ልጆቹ ተመዝግበዋል። በእሷ መሥሪያ ቤት በኩል።

ሐሰን፦ አላህ ይስጣት። አንተስ?

ዝናው፦ እኔም አለሁበት።

ሐሰን፦ ምን ተብለህ?

[ዝናው ማኅተሙን አነሳ፣ ቀለም ነከረው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሥራ አጣ።]

ዝናው፦ ጥገኛ ተብዬ።

[ሐሰን በዚህኛው አልሳቀም። ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመና እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ አሰበ።]

ሐሰን፦ ደግ ሴት ናት። የእንስሳት ሐኪም ሆና፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጥገኛ ከቤቷ እያየች ዝም ማለቷ።