የተጣበቁት ገጾች ጉዳይ

የፋብሪካው ሠራተኞች የንባብ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 14

ቀን፦ ማርች 10፣ 1904
ቦታ፦ ሃቫና፣ የሲጋር ፋብሪካው የትምባሆ ቅጠል ማርጠቢያ ክፍል
ሰዓት፦ ከሥራ በኋላ፣ 11፡00

የተገኙ፦ ዶኛ ፔትሮኒላ (ሰብሳቢ)፣ ክሬሴንሲዮ (አባል)፣ እንግራሲያ (አባልና ከሳሽ)፣ ጸሐፊው፤ እንዲሁም ሲጋር ስንጠቀልል ልብወለድ ጮክ ብለው የሚያነቡልን ዶን ኤቫሪስቶ (ተከሳሽ)። አምስተኛው አባል አኩርፎ ስለቀረ ምልዓተ ጉባኤው በጭንቅ ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የካፒቴን ሊሳንድሮ ጠባይ

በልብወለዱ ውስጥ ኤሎዲያን ለማግባት የጠየቀው ካፒቴን ሊሳንድሮ ሚስት እንዳለው እንግራሲያ አስታወቀች። ይህን የሚናገሩት ገጽ 212 እና 213 እርስ በርስ ተጣብቀው ስለነበር አልተነበቡልንም፤ በቅጠል መቁረጫ ቢላዋ ያላቀቀቻቸው እሷ ናት።

ክሬሴንሲዮ «ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የቻልሽው?» አለ። እንግራሲያ «የሲጋር ሣጥኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ተማርኩ፤ አንተ ሣጥኑን ተንተርሰህ ስታንኮራፋ» አለችው። ይህ ከመዝገብ እንዲወጣ ተጠይቆ ጸሐፊው ረስቶታል።

ክሬሴንሲዮ ሚስትየዋ በሚቀጥለው ምዕራፍ ብትሞት ነገሩ እንደሚቀል አሳሰበ። ሰብሳቢዋ «እሷ ደግሞ ምን አደረገችህ?» አሉት። ከረጅም ውይይት በኋላ ካፒቴኑ ከልብወለዱ እንዲባረር፣ እንደ ልማዳችን ጠረጴዛውን በቢላዋ በመምታት፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሙጫው

ገጾቹ የተጣበቁበት ሙጫ የሲጋር ጫፍ የሚታሸግበት፣ ያውም ከእሷ ጠረጴዛ የተወሰደ መሆኑን እንግራሲያ አስረዳች። ዶን ኤቫሪስቶ በየቀኑ ጠረጴዛዋ አጠገብ የሚቆሙት ላቀረቡላት የጋብቻ ጥያቄ መልስ ፈልገው ይመስላት ነበር። መልሱን ለእሑድ ቀጥራቸዋለች።

ዶን ኤቫሪስቶ «እንዳታዝኚ ብዬ ነው ያጣበቅኳቸው፣ እመቤቴ» ሲሉ ተከላከሉ።

እንግራሲያ «እርስዎስ? የራስዎን የትኛውን ገጽ አጣበቁ?» አለች።

ዶን ኤቫሪስቶ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ከመረመሩ በኋላ «ሲየንፉዌጎስ ከተማ... አንዲት አለች። ግን ከተያየን ዓመታችን ነው» አሉ።

«ካፒቴኑም ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። ገጽ 213።»

አንባቢው እንዲሰናበቱ፣ መጽሐፉም እንዲቃጠል ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ክሬሴንሲዮ «ታዲያ መጽሐፉ ከተቃጠለ ኤሎዲያ ምን ልትሆን ነው?» ሲል ጠየቀ።

እንግራሲያ የእሑዱን መልስ ለዶን ኤቫሪስቶ እዚያው ሰጠች። አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ በዝርዝር አልተመዘገበም። ቀጥላም ሐሳብ አቀረበች፤ በሙሉ ድምፅም ጸደቀ፦

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ካፒቴኑ ወደ ልብወለዱ ይመለስ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሌላ ስለሌለን ዶን ኤቫሪስቶ መጽሐፉ እስኪያልቅ ያንብቡ። ገጹን የምትገልጠው ግን እንግራሲያ ናት።

ዶን ኤቫሪስቶ ነገ ከየት እንደሚጀምሩ ጠየቁ።

«ከ212። ቀስ ብለው።»

ስብሰባው 12፡20 ላይ ተበትኗል። ሙጫው ጸሐፊው ዘንድ ተቆልፎበታል።