ጃፓን ማን አለሽ?

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት ስላልሆነ አያገባቸውም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነው። ነገሩ ይኸውላችሁ፦ እኔ ጃፓን ሄጄ አውቃለሁ።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይደበቃል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ሰው ዕድሜውን ይደብቃል፣ ደመወዙን ይደብቃል፤ ጉብኝት የደበቀ ሰው ግን ከራሴ በቀር አላውቅም። ግን እስቲ እኛ ዘንድ ኑና ዕረፍት ለመውጣት ሞክሩ። እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያለ ሐበሻ «ቫኬሽን ወጣሁ» ካለ አገር ቤት ሊሄድ ነው። አገር ቤት ካልሆነ ዴንቨር ሰርግ አለበት፣ ወይም ዳላስ ለቅሶ አለበት። የሚኬደው ሰው ወዳለበት ነው። «ጃፓን ልሄድ ነው» ብትሉ «ማን አለሽ?» ትባላላችሁ። «ማንም የለኝም» ብትሉ «ታዲያ ምን ልትሠሪ?» ይከተላል። «አገር ለማየት» ብትሉ ደግሞ ማታውኑ እህታችሁ ጋ ተደውሎ «ልጅቷን ደህና ነሽ ወይ በሏት» ይባላል።

ሌላም አለ። መንገደኛ ማለት እኛ ዘንድ ፖስታ ቤት ማለት ነው። ሻንጣው የእሱ አይደለም። ጃፓን ዕቃ የሚላክለት ማን አለ እንዳትሉ፤ እትዬ ለምለም ፈልገው ያገኙ ነበር። የአክስታቸው ልጅ የሥራ ባልደረባ ኦሳካ ይኖር ነበር። እኔም በርበሬ ታቅፌ የጃፓን ጉምሩክ ፊት እቆም ነበር።

እትዬ ለምለም ማለት ሆፕኪንስ የሚኖሩ የእኔ ታላቅ ወዳጅ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ እዚያው በአማርኛ ተምረው፣ እዚህ መጥተው በአንድ ሆቴል ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከከተማው ማዶ ብሩክሊን ፓርክ ያለ ሰው ጉንፋን ሲይዘው ሆፕኪንስ ላይ እሳቸው ያስነጥሳሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ነው የደበቅኩት።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል፤ ማለቱ ደስ ባይለኝም። ሮዝቪል ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ዝም እንዲል የሚፈለግበት ሥራ ማግኘቴ ዕድሌ ነው። ዓይነ አፋር ነኝ። ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ቢያመጡልኝ እበላዋለሁ፤ መልሱልኝ ከማለት መብላቱ ይቀለኛል።

ታዲያ ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ካረን የምትባል ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት ስለ ጃፓን የተጻፈውን ሁሉ እየተዋሰች ትጨርስ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፍ ስትመልስ፣ ስምንት ሰው ብቻ ያለበት ቡድን ከተማውንም ገጠሩንም ሊያይ እንደሚሄድ፣ እህቷ ጉልበቷን ታማ አንድ ቦታ እንደተከፈተ ነገረችኝና «ለምን አትመጪም?» አለችኝ። እኔ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አልችልም። ስለዚህ ጃፓን ሄድኩ።

ለአለቃዬ ብቻ ነገርኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ ብዬ። ፀጉር ማስተካከያ ቦታ የማገኝ ስላልመሰለኝ ፀጉሬን እስከ ጆሮዬ ተቆረጥኩ። ስልኬን ዘጋሁ። ይኼው ነው። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ይህን ያዙልኝ።

ቶኪዮ ስደርስ መጀመሪያ የወሰዱን ባቡር ውስጥ ነው። ሰው በሰው ላይ ተደርቧል፤ ግን አንድም አያወራም። ስልክ እንኳ የሚያነሳ የለም። ሌሎቹ «እንዴት ይጨንቃል» ተባባሉ። እኔ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። በሃምሳ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው ዝም አልሽ የማይሉኝ ሰዎች መሃል ቆምኩ።

ኪዮቶን አየን፤ ካናዛዋን አየን፤ ወርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው ዕቃ የሚለብጡ ሰዎች አየን። ከዚያ በተራራ መሃል ወዳለ የሩዝ አገር ገጠር ወጣንና አንዲት አሮጊት የምታስተዳድረው ማረፊያ ገባን። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሳችን። አሜሪካኖቹ አንድ ጊዜ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። እኔ ግን ያደግኩት ትልቅ ሰው ጎንበስ ሲል ከእሱ በታች ጎንበስ እያልኩ ነው። ጎንበስ አልኩ። እሷም ከእኔ በታች ዝቅ አለች። ትልቅ ሰው እንዴት ከእኔ በታች ይሆናል? እኔም ይብስ ዝቅ አልኩ። እንዲህ እያልን አስጎብኚያችን ወጥታ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው እስክትል ድረስ በሩ ላይ ቀረን። ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አላውቅም።

ገበታው ላይም እንዲሁ ነው። አሜሪካ «ኖ፣ ታንክስ» ካላችሁ ሳህኑ ይነሳል፤ የሚለምናችሁ የለም። ስንት ጊዜ በይሉኝታ ተርቤ ወደ ቤቴ እንደገባሁ እኔ አውቃለሁ። ያቺ ሴት ግን «በቃኝ» ስል ጨመረችልኝ። «በእውነት በቃኝ» ስል ደግማ ጨመረችልኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ተለምኜ የበላሁት እዚያ ነው። ጥሬ ዓሣው ብቻ አልወርድልኝ አለ።

ገላ መታጠቢያው ጋ ግን ችግር ነበር። ፍልውሃ ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው፣ ግን ሁሉም አብረው፣ ምንም ሳይለብሱ። እኔ ሐኪም ፊት እንኳ ካልሲዬን ለማውለቅ የማመነታ ሰው ነኝ። በነጠላዬ ተጠቅልዬ ልገባ ስል አሮጊቷ ፈገግ ብላ ነጠላዬን ከላዬ ተቀበለችኝ። እንደገና ልጎንበስ? ነጠላ በሌለበት ምን ብዬ? ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። ሙቀቱ ሲይዘኝ፣ ስገልጥ፣ ማንም እያየኝ እንዳልሆነ አየሁ። አልወጣም ብዬ ስቆይ ካረን ናት መጥታ «በሕይወት አለሽ?» ያለችኝ።

ስንወጣ ማረፊያው ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጠውን አንድ ዓይነት ሰማያዊና ነጭ ካባ ለብሰን፣ ጭንቅላታችንን በፎጣ ጠቅልለን፣ ስምንታችን ተደርድረን ፎቶ ተነሳን። የያዝኩት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መመለሴ ልምጣ። በእግር ስንሄድ ሰንብተን ከስቻለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ፀጉሬ የለም። ከኤርፖርት ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ለምለም የአጃ ሾርባ ይዘዋል፤ ጎረቤቴ ዘይነባ የአብሽ ገንፎ ይዛለች። ለካ ስልኬ ሲዘጋባቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደውለው ኖሯል። አለቃዬ ቃሏን ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ የግል ጉዳይዋ ነው፤ ልነግርዎ አልችልም» ብላቸዋለች። አሜሪካዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግል ጉዳይ» ካለ ደግሞ ያ በሽታ ነው። እኛ ስሙን አንጠራውም። «ያ በሽታ» ነው የምንለው።

እትዬ ለምለም ራሴን አዩ። ጉንጬን አዩ። ዘይነባ ቀስ ብላ እንባዋን ጠረገች።

«እትዬ ለምለም፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ፣ ሂሩትዬ። አትናገሪ። እኛ ምንም አልጠየቅንሽም።»

«የለም፣ ነገሩ...»

«አልጠየቅንም አልኩሽ። ጠጪ።»

ጠጣሁ። ተለምኜ እምቢ አልልም ብያችሁ የለ?

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ካልታመምኩት በሽታ ድኜ ኖርኩ። ለቅሶ ቤት ሳህን ላጥብ ስነሳ «አንቺ ተቀመጪ» እባላለሁ። ወንበር ይለቀቅልኛል። «ፊትሽ ተመለሰ» ይሉኛል፤ ፊቴ የት ሄዶ እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ። የሚጠይቀኝ የለም። እኛ ሕመም የደበቀን ሰው አንጠይቅም፤ ያውቃል፣ እናውቃለን፣ ይበቃል። ካልተጠየቅኩ ደግሞ በምን ልጀምር? ፆማ ዱዓ ያደረገችልኝን ዘይነባን «ፍልውሃ ስዋኝ ነበር» ልበላት? እያደር አፈርኩ። እፍረቴም እያደር በሽታውን አከለ።

ባለፈው መኸር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ለምለም ሳይደውሉ መጡ። ኮታቸውን አላወለቁም። ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኝቶ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ክፉው ነገር ሆኖ፣ ኦፕራሲዮን ለነገ ተቀጥሮላቸዋል። በጊዜ ስለተገኘ ይድናል ብሏቸዋል ሐኪሙ። ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው «ማም፣ ዩ ኦኬ?» ይላቸዋል፤ «ኦኬ» ይሉታል፤ ውይይቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

«አልሄድም» አሉኝ። «ቢላዋ አላስነካም። አንቺ ምስክሬ ነሽ። ሁለት ሳምንት ጠፋሽ፤ ሙሉ አካልሽን ይዘሽ ተመለስሽ። ያኔ ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ፤ እኔም እሱኑ አደርጋለሁ።»

አያችሁ፣ ምስጢሬ እስከዚያ ቀን ማንንም አልጎዳም ነበር። አሁን ግን ሰው ሊገድልብኝ ነው። ተናገርኩ።

«እትዬ ለምለም፣ እኔ ታምሜ አላውቅም። ያኔ ጃፓን ነበርኩ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ዋይ! ጃፓን ድረስ ሄደሽ ነው የታከምሽው?»

«አልታከምኩም። ልጎበኝ ነው የሄድኩት።»

«ጃፓን ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ማንም የሌለሽ አገር ምን ልትጎበኚ ትሄጃለሽ? ተይ እንጂ ሂሩት። እኔን ልትሸውጂ?»

ፎቶው ያሳምናቸዋል ብዬ አወጣሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። ስምንት ሰው፤ አንድ ዓይነት ካባ፤ ራስ ሁሉ ተጠቅልሏል። አገላብጠው አዩት።

«እነዚህ ሁሉ በሽተኞች ናቸው?»

«አስጎብኚ ድርጅት ያመጣቸው ናቸው። ከፍልውሃ ወጥተን ነው።»

«ፍልውሃ!» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጠበል በይኛ። እንዲህ በይኛ ከመጀመሪያው። እስቲ አሁን ወደ ሆስፒታሉ ደውይና የነገውን ካንስል አድርጊልኝ። ጃፓን እሄዳለሁ።»

ስልካቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ የዘረጉልኝን እቀበላለሁ። ተቀበልኩ። ግን አልደወልኩም። ያን ሁሉ ዓመት ሳልዋሽ ኖሬ እውነቱን ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«የጃፓን ሐኪሞች ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት?» አልኳቸው። «ውሃው ለድካም ነው አሉኝ። ለጡት ግን እኛም ሰው ሲታመምብን የምንልከው ሚኒሶታ ነው አሉ።»

«ሚኒሶታ?»

«ሚኒሶታ።»

«የትኛው ሆስፒታል?»

«የእርስዎ ቀጠሮ ያለበት።»

እትዬ ለምለም ሞኝ አይደሉም። ዓይኔን ፈለጉ፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም። የኮታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

«ታዲያ ነገ በስንት ሰዓት ትወስጂኛለሽ?»

እንዳትጨነቁ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ደህና ናቸው። ወሬያቸውም አገግሟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የማግስቱ ንጋት እውነትም ጠርቶ ነበር።

በማለዳ ከሆፕኪንስ ወሰድኳቸው። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እናምጣ ቢል እትዬ ለምለም አሻፈረኝ አሉ፤ የሐበሻ አስተርጓሚ ከሰማ እስከ ምሳ ሰዓት ብሩክሊን ፓርክ ይሰማል። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መጥቶ አጠገባቸው ቆመና ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀ።

«ንገሪው» አሉኝ። «የጃፓን ሐኪሞች እንኳ ካንተ እንደማይበልጡ ነግረውናል በይው። እጁን እንዳያርበደብድ።»

ሐኪሙ ይጠብቀኛል። ወደ እሱ ዞርኩና በእንግሊዝኛ «ዝግጁ ነኝ ይላሉ» አልኩት።

«መልካም፤ እኔም ዝግጁ ነኝ» አለ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ ለምለም።

«‹እሱንማ አውቃለሁ› ይላል።»

«ጉረኛ» አሉና ትራሳቸውን አመቻችተው ተኙለት።